«ባውንድ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና አመጣጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሚስዮን ትምህርት ቤት ከእኛ በሁለት ክፍል ይበልጥ የነበረ አንድ ጓደኛችን የአንድ ዓመት የሙያ ትምህርት በነጻ እንዲማር ተመረጠና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ቀረበለት። ከውሉ ቃሎች አንዱ፣ ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ሦስት ዓመት ለማገልገል «ባውንድ» መሆኑን የሚናገር ነበር። ጓደኛችን ይህን ቃል ያውቀዋል፤ እኛም እናውቀዋለን። በዚያ ትምህርት ቤት ሁላችንም በየደብተራችን በግራ በኩል የእንግሊዝኛውን፣ በቀኝ በኩል የአማርኛውን ቃል እየጻፍን እናጠና ስለ ነበር፣ ከ«ባውንድ» ትይዩ «ወሰን» ብለን ጽፈን በቃላችን ይዘነዋል። ስለዚህ ጓደኛችን ውሉን «አገልግሎቱ ቢበዛ በሦስት ዓመት የተወሰነ ነው» ብሎ ተረጐመው። ከዚያ በላይ ሊይዙት እንዳይችሉ፣ እርሱ ግን ከፈለገ ቀደም ብሎ ሊተው እንደሚችል መስሎት ደስ እያለው ፈረመ። ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ለእኛ አሳይቶን ነበርና እኛም እንደርሱ አንብበን «መልካም ውል ነው» አልነው።

ሥራ በያዘ በዓመቱ አባቱ ታመሙና ወደ አገሩ ለመግባት ስንብት ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ግን የቀሩትን ሁለት ዓመታት እንዲያገለግል፣ አለዚያ የተከፈለለትን የትምህርት ገንዘብ በሙሉ እንዲመልስ የሚል ሆነ። ቃሉ በዚያ ስፍራ «ወሰን» ማለት አልነበረም፤ «የታሰረ፣ የተገደደ» ማለት ነበር።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ነገር ነው። አንድ ቃል ሁለት እንዲህ የተራራቁ ትርጉሞች እንዴት ሊኖሩት ቻለ? ብለን መጠየቅ ጀመርን፤ ብንመረምረውም ትርጉሞቹ ሁለት ሳይሆኑ አራት፣ ቃሉም አንድ ሳይሆን አራት ሆኖ አገኘነው።

1. የቃሉ አራት ትርጉሞች

በመጀመሪያ ቃሉ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገር እንመልከት።

ሀ) ወሰን። በትምህርት ቤታችን የመምህራን መኖሪያ በሚጀምርበት በር ላይ «አውት ኦፍ ባውንድስ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ከወሰን ውጭ፣ ማለት ከዚህ ወዲያ ለተማሪ የተከለከለ ነው ማለት ነው። ቃሉ በዚህ ትርጉሙ ስም ነው፤ ብዙውን ጊዜም በብዙ ቁጥር ይነገራል።

ለ) የታሰረ። «ባይንድ» (አሰረ) የሚባለው ግሥ ያለፈ ጊዜው «ባውንድ» ይሆናል። እጁን በገመድ የታሰረ ሰው፣ በቆዳ የተጠረዘ መጽሐፍ፣ በመሐላ ወይም በውል የተያዘ ሰው ሁሉ «ባውንድ» ይባላል። ከዚህም የተነሣ «ይህ ነገር አይቀርም፣ መሆኑ ግድ ነው» ለማለት ይኸው ቃል ይነገራል።

ሐ) ወደ አንድ ስፍራ ለመሄድ የተነሣ። ወደ አገሯ የምትመለስ መርከብ «ሆምዋርድ ባውንድ» ትባላለች። ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ባቡርም ለድሬዳዋ «ባውንድ» ነው ይባላል።

መ) መዝለል። ሚዳቋ በቁጥቋጦ ላይ ዘልላ ስታልፍ «ባውንድ» አደረገች ይባላል። የቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ጓደኞቻችን ኳሱ ከሰሌዳው ነጥሮ ሲመለስ «ሪባውንድ» የሚሉት ከዚሁ ቃል የወጣ ነው።

አራቱም በአጻጻፍ አንድ ናቸው፤ በአነጋገርም አንዱን ከአንዱ የሚለይ ምንም ምልክት የለም። የእኛ ፊደል ጥብቀትን ስለማያሳይ በአማርኛም ይህን የሚመስል ነገር ይገኛል፤ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉም «እስከ አሁን ያልሆነ» የሚለውም ሊሆን ይችላል፤ «ሰፊ» ብለን ስንጽፍም ልብስ የሚሰፋው ሰው ወይም ጠባብ ያልሆነው ነገር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስንናገር አንዱን አጥብቀን ሌላውን አላልተን ስለምንናገር ሰሚው አይሳሳትም። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለጆሮም አንድ ነው።

2. የተሳሳተው ግምታችን

ለግዕዝና ለአማርኛ ልጅ የቃልን ዘር መፈለግ ልማዱ ነው። ጽሕፈት፣ ጸሓፊ፣ መጽሐፍ ሁሉም «ጸሐፈ» ከሚለው ግሥ እንደሚወለዱ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንሰማለን። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አዘጋጅተውት በ1948 ዓ. ም. የታተመው ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላትም ቃላቱን በየግሣቸው ሥር የሰበሰበ ነው። በዚህ ልማድ ያደገ ተማሪ፣ መልካቸው አንድ የሆነ ቃላት ሲያጋጥሙት «አባታቸው አንድ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

እኛም እንዲሁ ፈረድን። በደብተራችን መካከል «ወሰን» ብለን ጽፈን፣ ከርሱ ሦስት መሥመር አውጥተን አንድ የትውልድ ሐረግ ሠራን። ወሰን አንድን ነገር አስሮ የሚይዝ ስለ ሆነ «የታሰረ» የሚለው ከርሱ ወጣ፤ መንገደኛ የሚጓዘው እስከ መንገዱ ወሰን ስለ ሆነ «የተነሣ» የሚለው ከርሱ ወጣ፤ የሚዘልም ሰው ወሰንን የሚያልፍ ስለ ሆነ «መዝለል» ከርሱ ወጣ አልን። ሐረጉ የተዋበ ነበር፤ ለጓደኞቻችን ስናስረዳቸውም አመኑን። ነገር ግን ሐረጉ በሙሉ ስሕተት ነው። እንግሊዝኛ እንደ ግዕዝ ከአንድ ዘር ብቻ ያደገ ቋንቋ ሳይሆን በየዘመኑ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ቃላቸውን ያስገቡበት ስለ ሆነ፣ የመልክ አንድነት የዘር አንድነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ከ1884 እስከ 1928 (በኤውሮፓ አቆጣጠር) ክፍል በክፍል የወጣው ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እነዚህን ቃላት በየራሳቸው ርእስ ለያይቶ ያስቀመጣቸው ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመቶች ካልተገለጸ በቀር በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

3. የአራቱ ቃላት አመጣጥ

ወሰን የሚለው። በ1066 የኖርማንዲ መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ፣ የመኳንንቱና የዳኞቹ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። በፍርድ ቤት የሚደረገው ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን በሕግ የታዘዘው በ1362 ነው። ስለዚህ ርስትን፣ ክስንና ዳኝነትን የሚመለከቱ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። «ባውንድ»ም ከነዚህ አንዱ ነው። በጥንታዊ ፈረንሳይኛ «ቦንድ» ወይም «ቦድን» ይባል ነበር፤ ይህም በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ቦዲና» ከሚባለው ቃል የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በ1200 ገደማ ሲታይ ትርጉሙ ዛሬ እንደምናስበው የማይታይ ወሰን ሳይሆን የወሰን ምልክት፣ ማለት የድንበር ድንጋይ ነበር። የፈረንሳይኛው ቃል ዛሬ «ቦርን» ሆኖ ይነገራል፤ በመንገድ ዳር ኪሎሜትር የሚያመለክተው ድንጋይም በዚሁ ስም ይጠራል። ሐሳቡ ጠባብ የሆነን ሰውም ፈረንሳውያን «ቦርኔ» ይሉታል፤ በድንጋይ የታጠረ እንደ ማለት ነው።

ድንጋዩ የት እንደ ቆመ ማወቅ በጥንት ጊዜ ታላቅ ጉዳይ ነበር። ካርታ በሌለበት ዘመን የእንግሊዝ አገር ሰዎች በየዓመቱ ከዕርገት በዓል በፊት ባሉት ቀኖች ከቄሳቸው ጋር ሆነው የደብራቸውን ወሰን ይዞሩ ነበር። የወሰኑን ድንጋይና ዛፍ በዘንግ ይመቱታል፤ ልጆችንም ይዘው እየሄዱ በድንጋዩ ላይ ያጋጯቸው፣ አንዳንድ ጊዜም ይገርፏቸው ነበር። ምክንያቱም ልጁ የተመታበትን ስፍራ እስኪሸመግል ስለማይረሳ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ምስክር ይሆናል ተብሎ ነው። ይህ ልማድ «ወሰንን መምታት» ይባላል፤ ዛሬም በኦክስፎርድ ከተማና በአንዳንድ ሌሎች ስፍራዎች ለመታሰቢያ ያህል ይደረጋል። በአሜሪካም በምሥራቅ በሚገኙት ቀደምት ግዛቶች መሬት ሲጻፍ «ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ወንዝ፣ ከወንዙ እስከ ድንጋዩ» እየተባለ ይመዘገብ ነበር። በአገራችንም ወሰን የገፋና ወሰን የተገፋ ሰው ሲካሰሱ፣ ሽማግሌዎች ወንዙንና ዋርካውን እየጠሩ መመስከራቸው ለአንባቢ አዲስ ነገር አይደለም።

የታሰረ የሚለው። ይህ ቃል ከማንም ያልተወሰደ የእንግሊዝኛ የራሱ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ቢንዳን» ማለት ማሰር ነው። ማሰሪያ ጨርቅ የሚባለው «ባንድ»፣ እስር ወይም ነዶ የሚባለው «ባንድል»፣ የዕዳ ወረቀት የሚባለው «ቦንድ» የዚሁ ቤተ ሰቦች ናቸው። ከገመድ ወደ ውል የተሻገረው እንዴት ነው? የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ መልሱ ለእኛ ቅርብ ነው። በአገራችን የቀድሞ የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ባለ ዕዳም ከባለ ገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። «ቁራኛ» የሚባለው ይህ ነው። እንግዲህ ዕዳ በመጀመሪያ እጅን የሚይዝ እውነተኛ እስራት ነበረ ማለት ነው። ላቲኖችም ግዴታን «ኦብሊጋቲዮ» ሲሉ «ሊጋሬ»፣ አሰረ፣ ከሚለው ግሥ አውጥተውት ነው። በ1952 ዓ. ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና በቁጥር 1731 ሲደነግግ፣ የእንግሊዝኛው ቅጅ የተጠቀመበት ቃል «ባይንዲንግ» ነው፤ የሚያስር ማለት ነው። ጓደኛችንን የያዘው ቃል የዚህ ዘር ነው።

የተነሣ የሚለው። ከኖርማኖች በፊት፣ በዘጠነኛው መቶ ዓመት፣ ከዴንማርክና ከኖርዌይ በመርከብ የመጡ ተዋጊዎች በእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ ሰፍረው ነበር። በ865 የመጣው ታላቅ ጦራቸው ከገባ በኋላ ብዙዎቹ መሬት ይዘው ገበሬ ሆኑ፤ ቋንቋቸውም ከእንግሊዝኛ ጋር ተቀላቀለ። በእነርሱ ቋንቋ «ቡዋ» ማለት መኖርና ማዘጋጀት ነው፤ «ቡዊን» ማለት ደግሞ የተዘጋጀ። ይህ በእንግሊዝኛ «ቡን» ሆነና ስንቁን ይዞ ለመንገድ የተሰናዳ ሰው መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ ወደ አገሯ «ባውንድ» የሆነችው መርከብ የታሰረችም የተወሰነችም አይደለችም፤ ተዘጋጅታ የተነሣች ናት።

መዝለል የሚለው። ይህ ከሁሉ የዘገየ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተለመደው በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። የመጣው «ቦንዲር» ከሚባለው የፈረንሳይኛ ግሥ ሲሆን፣ የቀድሞ ትርጉሙ መዝለል ሳይሆን ማስተጋባት ነበር። የዚህም ምንጭ በላቲን «ቦምቡስ»፣ በግሪክ «ቦምቦስ»፣ ማለት እንደ ንብ ያለ ጕምጕምታ ነው። ድምፅ ከገደል ተመትቶ ይመለሳል፤ ኳስም ከመሬት ተመትቶ ይነጥራል፤ ስለዚህ ቃሉ ከድምፅ ወደ ኳስ፣ ከኳስ ወደ ሚዳቋ ተላለፈ። በጦርነት የሚፈነዳው «ቦምብ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጕምጕምታ ነው። እኛ ከወሰን ያወለድነው የዘለለው ቃል፣ ወንድሙ ቦምብ ሆኖ ተገኘ።

4. እንዴት ሊመሳሰሉ ቻሉ?

አራቱ ቃላት ከአራት አቅጣጫ መጥተው በአንድ አደባባይ እንደ ተገናኙ ሰዎች ናቸው። አብረው ሲኖሩም አንዱ የሌላውን ልብስ ለበሰ። ለመንገድ የተሰናዳው «ቡን» በመጨረሻው የ«ድ» ድምፅ አልነበረውም፤ «የታሰረ» የሚለው ቃል ግን ስለ ነበረው፣ ተናጋሪዎች ሁለቱን አቀላቅለው ለርሱም «ድ» እንደ ጨመሩለት ይገመታል።

መምሰል ከመልክ አልፎ ትርጉምንም ሊለውጥ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። «ቦንዲ» በሰሜን ሰዎች ቋንቋ የራሱ ቤትና እርሻ ያለው ሰው ነበር፤ ቃሉም «ቡዋ» ከሚለው ከዚያው ግሥ የወጣ ነው። ኖርማኖች ከገቡ በኋላ ግን የእንግሊዝ ገበሬ ከባለርስትነት ወደ ገባርነት ወረደ፤ ስሙም አብሮ ወረደ። በዚህ ላይ ቃሉ «ባይንድ» ከሚለው ጋር ስለ ተመሳሰለ፣ ሰዎች «የታሰረ ሰው» ማለት ነው ብለው አሰቡ። «ቦንዴጅ» የሚባለው ቃል ዛሬ ባርነት ማለት የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ነጻ ባለቤት የነበረው ስም የባሪያ ስም ሆነ። በሌላ በኩል ያው «ቦንዲ» ከቤት ጋር ተጣምሮ «ሐዝባንድ» ሲሆን ክብሩን ጠበቀ፤ ባል፣ ማለት የቤት ጌታ ሆነ። ቀልደኞች «ሐዝባንድ በቤት የታሰረ ማለት ነው» ቢሉ፣ በኑሮው እውነት ሊሆን ይችላል፤ በቃሉ ዘር ግን አይደለም። የባል ዘመዱ መንገደኛው ነው እንጂ እስረኛው አይደለም።

አንባቢ ከዚህ ቤት የማይገባ አንድ እንግዳም እንዳለ ይወቅ። «አባውንድ» ማለት መብዛት፣ መትረፍረፍ ነው። ሲታይ «ባውንድ»ን በውስጡ የያዘ ይመስላል፤ ነገር ግን የተወለደው «ኡንዳ» ከሚባለው የላቲን ቃል ነው፤ ኡንዳ ማዕበል ማለት ነው። የሞላ ውሃ ከዳር ሲፈስ ማየት ነው እንጂ የወሰን ነገር የለበትም።

5. «ባውንድ»ና ሌሎቹ የወሰን ቃላት

ከአራቱ መካከል ወደ መጀመሪያው እንመለስ። እንግሊዝኛ ወሰንን ለመናገር ሌሎችም ቃላት አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱን ሥዕል ይዞ ነው። «ሊሚት» የመጣው «ሊሜስ» ከሚባለው የላቲን ቃል ነው፤ ሊሜስ በእርሻዎች መካከል የሚያልፍ መንገድ ነበር፤ በኋላ ግን የሮማ መንግሥት ዳር ድንበር መጠሪያ ሆነ። «ቦርደር» የጨርቅ ወይም የሌላ ነገር ጠርዝ ነው። «ፍሮንቲየር» በላቲን ግንባር ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ አገር ለጠላት ፊቱን የሚያሳይበት ጠረፍ እንደ ማለት ነው። «ባውንደሪ» ደግሞ ከራሱ ከ«ባውንድ» በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። የእኛም ቃላት እንደዚሁ ሥዕል አላቸው። «ገደብ» ከ«ገደበ» የወጣ ስለ ሆነ፣ ውሃን የሚያቆመው ግድብ ወንድሙ ነው።

በሒሳብ ትምህርት «ባውንድ»ና «ሊሚት» ፈጽሞ አይለዋወጡም። ይህንንም ሁለቱን «ወሰን» ብሎ ያጠና ተማሪ ይቸገርበታል። 1/2፣ 2/3፣ 3/4፣ 4/5 እያለ የሚቀጥለውን ተርታ እንውሰድ። ከነዚህ ቍጥሮች አንዱም 1ን አያልፍም፤ ስለዚህ 1 ለተርታው የላይ «ባውንድ» ነው። ነገር ግን 2ንም አያልፉም፤ 100ንም አያልፉም፤ ስለዚህ 2ና 100ም «ባውንድ» ናቸው። ተርታው እየቀረበው የሚሄደው «ሊሚት» ግን 1 ብቻ ነው። «ባውንድ» አጥር ነው፤ አጥር ከቤት ርቆም ሊሠራ ይችላል፤ «ሊሚት» ግን መድረሻ ነው።

6. የእኛ «ወሰነ»

እስከ አሁን ያየነው አራት ዘር በአንድ መልክ መሆኑን ነው። የእኛ ቃል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አንድ ዘር ሆኖ ብዙ ቅርንጫፍ ያበቀለ ነው። ከ«ወሰነ» ወሰን ይወጣል፤ ውሳኔ ይወጣል፤ ውሱንና ተወሰነም ይወጣሉ። ዳኛ ሲወስን፣ ገበሬም መሬቱን ሲወስን የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም «ከዚህ ወዲህ ይህ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያ ነው» ብለው ምልክት ያቆማሉ። በዚህ ቃል ረገድ በልጅነታችን የሠራነው የትውልድ ሐረግ እውነት ነው።

ይህ ሐሳብ ለእንግሊዝኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ የሚገኘው ግን በ«ባውንድ» ውስጥ ሳይሆን ከላቲን በመጡት ቃላት ውስጥ ነው። «ዲተርሚን»፣ ማለት መወሰን፣ «ተርሚኑስ» ከሚባለው ከወሰን ድንጋይ የወጣ ነው፤ ሮማውያን ተርሚኑስ የሚባል የወሰን አምላክ ነበራቸውና በየዓመቱ የካቲት ወር ውስጥ፣ በእነርሱ ፌብሩዋሪ 23 ቀን፣ ያከብሩት ነበር። «ዲፋይን»፣ ማለት ትርጉምን መወሰን፣ «ፊኒስ» ከሚባለው፣ ዳርቻ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ አንድን ቃል መተርጐምም ራሱ ድንጋይ ማቆም ነው።

7. ለተማሪ የሚጠቅም ምልክት

ቃሉ በመልኩም በድምፁም ካልተለየ በምን እንለየው? በጎረቤቶቹ ነው።

ስም ሆኖ ከመጣና በመጨረሻው የብዙ ቁጥር «ስ» ካለው፣ ብዙውን ጊዜ ወሰን ነው። (ነገር ግን «ሊፕስ ኤንድ ባውንድስ» ሲባል ዝላይ ነው፤ በፍጥነት ማደግን ያመለክታል።) ከኋላው «ቱ» የሚለው ቃልና ግሥ ሲከተሉት፣ የታሰረ፣ የተገደደ ወይም የማይቀር ማለት ነው። ከኋላው «ፎር» የሚለው ቃልና የቦታ ስም ሲከተሉት፣ ለመሄድ የተነሣ ማለት ነው። ከፊቱ ሌላ ቃል ተጣብቆበት ሲገኝ፣ የተጣበቀው አቅጣጫ ከሆነ መንገደኛ ነው፤ ቆዳ፣ በረዶ ወይም ግዴታ ከሆነ ግን የታሰረ ነው። ባለቤቱ እንስሳ ወይም ኳስ ሲሆንና ቃሉ ራሱ ግሥ ሲሆን ዘለለ ወይም ነጠረ ማለት ነው።

የጓደኛችን ውል ከ«ባውንድ» በኋላ «ቱ» የሚለው ቃል፣ ከርሱም በኋላ ማገልገል የሚለው ግሥ ነበረው። ምልክቱ በፊታችን ተጽፎ ሳለ አላየነውም፤ ምክንያቱም ቃሉን ስናጠና ብቻውን አውጥተን፣ ከጎረቤቶቹ ለይተን፣ አንድ የአማርኛ ቃል ለጥፈንበት ነበርና። ስሕተቱ የጓደኛችን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ማጥናትን የለመድነው የሁላችን ነው። የዕድሜያችንን ትምህርት በሰው ቋንቋ የምንማር፣ ውላችንንም በሰው ቋንቋ የምንፈርም እስከ ሆነን ድረስ፣ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል የሚለው ደብተር ሊያስጠቃን ይችላል።

ጓደኛችን የቀሩትን ሁለት ዓመታት አገልግሎ ጨረሰ። አባቱን ያስታመመችው ታናሽ እኅቱ ናት፤ እርሱ ለዓመት በዓል ሦስት ቀን ፈቃድ እያገኘ ይጠይቃቸው ነበር። ባለፈው ክረምት ስንገናኝ ይህን የጻፍነውን አነበብንለት። ሁሉንም በጸጥታ ከሰማ በኋላ፣ ታናናሾቻችን ዛሬም በግራና በቀኝ እየጻፉ የሚያጠኑ እንደ ሆነ ጠየቀን። እንደዚያው መሆኑን ነገርነው። «እንግዲያስ በቀኝ በኩል አንድ ቃል ሳይሆን አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉ ንገሯቸው» አለ። እኛም ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ ስላላገኘን የርሱን ቃል ለአንባቢ እናስተላልፋለን።